ከድሬ ወጥታችሁ ከቤት ጋር በርካሽ ለመገናኘት፦ ሳትነሱና ከደረሳችሁ በኋላ የምትሠሩት ሥራ

ጅቡቲ ለንግድ፣ ዱባይ ለዕቃ፣ ጅዳ ወይም ቤይሩት ለሥራ። ከድሬዳዋ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። በደረሰ በሳምንቱ «ዋትሳፔ ጠፋ»፣ «ካርዴን በላው»፣ «እናቴ አታነሳም» የሚለውም ብዙ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በሄዱበት አገር ዋጋ ላይ መጣል ይቀናል። አብዛኛው ጣጣ ግን ቤት የቀረው ስልክ ሳይዘጋጅ በመቅረቱ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ድሬ እያላችሁ የሚሠራ ነው። ከደረሳችሁ በኋላ ልታስተካክሉት ብትሞክሩ አሥር እጥፍ ያደክማችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ የራሳችሁን ቀፎ፣ ቤት የሚቀረውን ቀፎ፣ በሁለቱም ላይ በቂ ዳታ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ አንድ ነፃ ከሰዓት። የጉዞው ዋዜማ ላይ አትሞክሩት። ሻንጣ፣ ሽኝትና ጎረቤት ባለበት ቀን ስልክ አይስተካከልም። ቢያንስ ሳምንት ሲቀራችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን በትክክል ጻፉ

ወረቀት አውጡና ልታገኟቸው የምትፈልጉትን ሰዎች ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ስማርት ስልክ አለው ወይስ ትንሿ ቀፎ፣ ዳታ ይጠቀማል ወይስ አይጠቀምም ብላችሁ ጻፉ።

ከዚያ ሁለት ሰው ምረጡ። አንዱ ዋናው ነው፤ ቤት ውስጥ ያለና ስልኩን የሚያነሳ። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው፤ ከዚያ ቤት ውጭ የሚኖር። ቤቱ መጋላ ከሆነ ሳቢያን ያለች እህት ትሁን። መብራት ሲጠፋ ወይም የአንዱ ሰፈር ኔትወርክ ሲያስቸግር ሁለቱም አብረው እንዳይጠፉባችሁ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ከውጭ እንደሚደወሉ አድርጋችሁ ጻፉ። ዜሮው ይወጣል፣ በቦታው +251 ይገባል።

- በ09 የሚጀምር ቁጥር +251 9 ይሆናል።
- በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር +251 7 ይሆናል።
- የድሬ የቤት ስልክ፣ በ025 የሚጀምረው፣ +251 25 ይሆናል።

+251 ብሎ ዜሮውንም ጨምሮ የሚደውል ሰው በጣም ብዙ ነው። ከዚያ «ቁጥሩ የለም ይለኛል» ይላል።

ስልካችሁ ውስጥ ያስቀመጣችኋቸውንም ስሞች በዚሁ መልክ አስተካክሉ። አሁን በ09 ተቀምጠው ይሠራሉ። ነገ ዋትሳፓችሁን ወደ ውጭ ቁጥር ስትቀይሩ ግን መተግበሪያው የየትኛው አገር 09 እንደሆነ አያውቅም፤ ሰዎቹም ከዝርዝራችሁ ይጠፋሉ።

ሁለቱን ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ። ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ እህቶች ይህን አደራ አትናቁት። ቀፎ ሊሰበር፣ ሊሰረቅ፣ አሠሪ ሊወስደው ይችላል። ወረቀቱን በሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱ ፓስፖርት ውስጥ፣ አንዱ ፓስፖርቱ በሌለበት ቦታ። የምትሄዱበትን አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክም እዚያው ላይ ጻፉ። ጅቡቲ ኤምባሲ አለን። ጅዳ፣ ዱባይና ቤይሩት ላይ ደግሞ ቆንስላ አለ።

ደረጃ 2፦ ሲማችሁን ምን እንደምታደርጉት ወስኑ

ብዙ ሰው ይህን ሳይወስን ይሄዳል። ሲሙን ከቀፎው አውጥቶ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ የውጭውን ይተካል፣ አሮጌው ይጠፋል። ከወራት በኋላ የባንክ ኮድ ሲፈልግ ቁጥሩ የለም።

*ጉዞው አጭር ከሆነ፣* ማለትም ጥቂት ሳምንት፣ ሲሙን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ ካላችሁ አንዱን ቦታ ለውጭው ሲም ክፍት አድርጉ። ከመነሳታችሁ በፊት ቴሌ ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውሉ፤ ወይም ሱቃቸው ሂዱ። የምትሄዱበትን አገር ስም ጠቅሳችሁ ሮሚንግ፣ ማለትም ሲማችሁ በውጭ አገር ኔትወርክ ላይ የሚሠራበት አገልግሎት፣ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ። ዋጋውንም እዚያው ጠይቁ፣ በተለይ የመቀበያውን። ሮሚንግ ላይ ስትደውሉ ብቻ አይደለም የምትከፍሉት፤ ተደውሎላችሁ ስታነሱም ይቆረጣል። ሲሙን የምትይዙት ኮድ እንዲመጣበት እንጂ ለወሬ አይደለም።

*ጉዞው ረጅም ከሆነ፣* ሲሙን ቤት ተዉት። አንዲት ትንሽ ቀፎ ውስጥ አስገቡትና ለአንድ ለምታምኑት ሰው ስጡ። ለሁለት ሰው አይሁን። የሁለት ሰው ኃላፊነት የማንም አይሆንም። ያ ሰው ሁለት ሥራ አለው፦ ቀፎውን ቻርጅ ማድረግና በየወሩ ትንሽ ካርድ መሙላት። ካርድ ሳይሞላበት ለወራት የቆየ ቁጥር ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። አዲሱ ባለቤት በእናንተ ቁጥር ዋትሳፕ ሊከፍት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ቴሌብር፣ ኤምፔሳ ወይም የባንክ መተግበሪያ የተመዘገበበት ከሆነ ሲሙን የሚይዘው ሰው ፒናችሁን ማወቅ የለበትም። ወንድምም ቢሆን። በቴሌብሩ ላይ ያለውን ገንዘብ ወደ ባንክ አዙራችሁ ጥቂት ብቻ ተዉበት።

ሌላም ነገር አለ። ሲም ሲጠፋ ምትክ የሚወጣው ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ በአካል ሲቀርብ ነው። ጅዳ ተቀምጦ ቀዚራ ያለ ሱቅ በአካል መቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ያቺን ሲም እንደ ፓስፖርት ያዟት።

ደረጃ 3፦ አካውንታችሁን ቆልፉ

ዋትሳፕ ላይ «ሴቲንግ»፣ «አካውንት»፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ግቡ። ባለ 6 አሃዝ ፒን አውጡ፤ ኢሜይላችሁንም አስገቡ። ኢሜይሉን ብዙዎች ይዘሉታል። ፒኑን ስትረሱ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ፒኑን ረስቶ ኢሜይል ያላስገባ ሰው 7 ቀን መጠበቅ አለበት። የትውልድ ዓመታችሁን ፒን አታድርጉ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ተመሳሳዩን ታገኛላችሁ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ቴሌግራም ኮዱን ሁልጊዜ በኤስኤምኤስ አይልክም። አካውንታችሁ ሌላ ቀፎ ላይ ክፍት ከሆነ ኮዱ የሚመጣው እዚያ ቀፎ ላይ፣ ቴሌግራም ውስጥ ነው። አሮጌ ስልኩን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ አዲስ ገዝቶ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አዲሱ ቀፎ ላይ ድሬ እያላችሁ ግቡ። መግባታችሁን አይታችሁ ከአሮጌው ቀፎ ውጡ።

የውጭ ሲም ስታስገቡ ዋትሳፕ በራሱ ቁጥር አይቀይርም። በኢትዮጵያ ቁጥራችሁ እንደተከፈተ ይቀጥላል። ለአጭር ጉዞ እንዲሁ ተዉት። ለዓመታት ከሆነ ግን የውጭው ቁጥር ሲረጋጋ ቀይሩት። መተግበሪያውን አጥፍታችሁ እንደገና በመጫን አይደለም፤ «አካውንት» ውስጥ ባለው «ቼንጅ ነምበር» ነው። በዚህ መንገድ ከቀየራችሁ ግሩፖቻችሁና የድሮ ጽሑፎቻችሁ አብረዋችሁ ይሄዳሉ።

ለ120 ቀን ያልተነካ የዋትሳፕ አካውንት እንደሚሰረዝም እወቁ።

ደረጃ 4፦ ቤት የሚቀረውን ስልክ አዘጋጁ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጡት።

ሀ. ቦታ አስለቅቁ። የእናታችሁ ስልክ በሠርግ ቪዲዮና በበዓል መልካም ምኞት ካርድ የተሞላ ነው። ሚሞሪው ሲሞላ መተግበሪያው አይታደስም። ያልታደሰ ዋትሳፕ ደግሞ አንድ ቀን «አድሱኝ» ብሎ ይቆማል። ቪዲዮዎቹን ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ሌላ ቀፎ አውጡ። ሳታስፈቅዱ ግን አታጥፉ።

ለ. ሁለት መተግበሪያ ጫኑ። አንድ አይበቃም። ዋትሳፕ ይኑር፣ ከእሱ ጋር ኢሞ ወይም ቴሌግራም ይኑር። ዱባይ የምትሄዱ ከሆነ ቦቲምን ጨምሩ፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ። ሁሉንም አሁኑኑ አስመዝግቡ፣ ኮዱንም ራሳችሁ አስገቡ። በስልክ «ኮዱን አንብቢልኝ፣ አይ እሱ አይደለም» እያሉ ከሩቅ ማስመዝገብ ትዕግሥት ይጨርሳል። ሁለት የምለው በምክንያት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲዘጉ ለአምስት ወር ገደማ ቆይተዋል። ቴሌግራምን ብቻ የያዘ ቤት ከዘመዱ ተቆርጦ ነበር።

ሐ. ዳታ የሚበሉትን ዝጉ። ዋትሳፕ ላይ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ግቡ። «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚለውን አብሩ። «ሚዲያ አውቶ ዳውንሎድ» ውስጥ በሞባይል ዳታ ጊዜ ምንም በራሱ እንዳይወርድ ምልክቶቹን ሁሉ አንሱ። ቴሌግራምም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ፕሌይ ስቶር በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ አዙሩት። ይህን ካላደረጋችሁ የገዛችሁት ጥቅል እናንተ ሳትደውሉ የዕድር ግሩፕ በላከው ቪዲዮ ያልቃል።

መ. ፎቷችሁን ፊት ለፊት አውጡ። ዋትሳፕ ላይ የእናንተን ቻት ክፈቱ። ሦስቱን ነጥብ፣ ከዚያ «ሞር»፣ ከዚያ «አድ ሾርትከት» ንኩ። ፎቷችሁ ስልኩ ፊት ላይ ይወጣል። ማንበብ የማትችል እናት ስም መፈለግ አይኖርባትም፤ ፎቶውን ነክታ ትገባለች። የቀሩትን መተግበሪያዎች ወደ ሌላ ገጽ ግፏቸው፤ ፊት ለፊት ፎቶው ብቻ ይታይ።

ሠ. አለማምዱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስልኩን ስጧትና እናንተ ግቢ በር ላይ ወጥታችሁ ደውሉ። ገብታችሁ አትርዷት። የምታዩት ይሄን ነው፦ ስልኩ ይጮኻል፣ አረንጓዴውን ትነካለች፣ አይነሳም፣ እንደገና ትነካለች፣ ይቋረጣል። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የዋትሳፕ ጥሪ በመንካት አይነሳም። አረንጓዴውን ይዞ ወደ ላይ መጎተት ነው። ብዙ እናት «አታነሳም» የምትባለው በዚህች ብቻ ነው። ጣቷን ይዛችሁ አሳዩአት፤ ከዚያ ለብቻዋ ታድርገው። ጎትታ እስክታነሳው ድረስ ደጋግሙ።

ሦስት ነገር ከቻለች ይበቃታል። ዳታ ማብራትና ማጥፋት። ጥሪ ማንሳት። ማይክሮፎኑን ተጭና ቮይስ መላክ። መጀመሪያ ስትደውል ስልኩ ማይክሮፎን ልጠቀም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያኔ እምቢ ከተባለ ጥሪው ይገናኛል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥሪ እናንተ ባላችሁበት አስደውሏት።

ረ. ጥቅሉን የሚገዛው ማን እንደሆነ ወስኑ። ስማርት ስልክ ያለ ጥቅል መብራት እንደሌለው ማቀዝቀዣ ነው። ወርሃዊ ጥቅል ከዕለታዊው ይረክሳል። ቴሌ ላይ *999# ገብቶ ለሌላ ቁጥር በስጦታ መግዛት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ወንድም ለሁለት ለሦስት ቤት ሊገዛ ይችላል። ገንዘቡን ለእሱ አስቀድማችሁ ስጡ። ከውጭም እንደ ዲንግ ባሉ መተግበሪያዎች ካርድ መሙላት ይቻላል፤ ክፍያ ግን አለው። ከቤት ሰው ባይኖር ነው እንጂ መጀመሪያ አትምረጡት።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም አገልግሎቱን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ስለነበር ብዙ ቤት 09ም 07ም አለው። ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ቀፎው ውስጥ ይግቡ። አንዱ ሲጠፋ ዳታውን ወደ ሌላው ማዞር አስተምሯቸው።

ደረጃ 5፦ የደወል ሕግ አውጡ

ብዙ ቤት ዳታ የሚበራው ለጊዜው ነው። እናንተ በፈለጋችሁ ሰዓት ብትደውሉ አታገኟቸውም። ስለዚህ ተስማሙ።

ሰዓቱን በአገር ቤት አቆጣጠር ቁረጡ። ሳዑዲ፣ ጅቡቲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ድሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የዱባይ ስልካችሁ 9 ያሳያል፤ በእኛ አቆጣጠር 3 ማለት ነው። ቤይሩት በብርዳቸው ወቅት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በሙቀታቸው ወቅት ከእኛ እኩል ትሆናለች።

መቼ ይሻላል? ከምሳ በኋላ ድሬ ሙቀቱም ነው፣ ጫቱም ነው። ሰው ቤት አለ፣ ግን ወይ ተኝቷል ወይ ወሬ ይዟል። ማታ ሁሉም ሰው ዳታውን ስለሚያበራ ይቆራረጣል። እኔ ማለዳውን እመርጣለሁ። ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ኔትወርኩም ቀለል ሲል።

የሚስኮል ቋንቋም አብጁ። አንድ ሚስኮል «ዳታ አብሩ» ማለት ይሁን። ሁለት ተከታታይ ሚስኮል «ቸኩዬአለሁ፣ አሁን ደውሉ» ይሁን። ስልኩ እንዳይነሳ ግን አጥብቃችሁ ተናገሩ። «ሀሎ፣ ሚስኮል ነው እንዴ ያደረግከው?» ብላ የምታነሳ አክስት አትጠፋም። እሷን ከዚህ ሕግ አውጧት።

ከሁሉ የሚረክሰው ቮይስ ነው። እናንተ ሥራ ጨርሳችሁ እኩለ ሌሊት ትልካላችሁ፤ እነሱ ጠዋት ዳታ ሲያበሩ ይሰማሉ። የየዕለቱን ወሬ በቮይስ፣ ሳምንታዊውን በድምፅ ጥሪ፣ ቪዲዮን ለበዓልና ለሕፃን ልጅ አድርጉት። ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ይበላል። ምን ያህል እንደሚበላባችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ «ኔትወርክ ዩሴጅ» አለ። ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ፣ አሥር ደቂቃ አውሩ፣ ተመልሳችሁ እዩ።

አንድ የቤት ሚስጥር ቃልም ተስማሙ። አንድ ቀን «ልጃችሁ ታስሯል፣ ቶሎ ብር ላኩ» የሚል ስልክ ይመጣል። ወይም የእናንተው ቴሌግራም ተሰርቆ በስማችሁ ብር ይጠየቃል። ቃሉን ያልተናገረ ሰው አንድ ብር አይላክለትም። ቃሉ በጽሑፍ አይላክ፤ ግሩፕ ላይም አይጻፍ። ደግሞ ማንም ሰው «በስህተት ወደ ስልክሽ የመጣውን ኮድ ላኪልኝ» ካለ አይሰጠውም፤ የሚያውቁት ሰው ስም ላይ ቢመጣም እንኳ።

ደረጃ 6፦ በጉዞው ቀን

1. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት «ዳታ ሮሚንግ» መጥፋቱን አይናችሁ ይይ። በመሬት ወደ ጅቡቲ የምትሄዱ ደወሌ ሳትደርሱ አድርጉት። ድንበር ላይ ስልክ ሳይጠይቃችሁ የወዲያውን ኔትወርክ ይይዛል።
2. ቤት ላሉት «እስከ ነገ ድምፄ ላይሰማ ይችላል» በሏቸው። ይህን ሳይባል የቀረ ቤት ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም።
3. የአየር ማረፊያ ዋይፋይ ብዙ ቦታ በስልክ ኮድ ልኮ ነው የሚያስገባው። ሮሚንግ ያልከፈተ ሰው ኮዱ አይደርሰውም። ባይሳካ አትጨነቁ፤ ሲም ገዝታችሁ ትልካላችሁ።
4. ስትደርሱ አንድ ቮይስ ብቻ ላኩ። ረጅሙ ወሬ ዋይፋይ እስክታገኙ ይቆይ።

ደረጃ 7፦ በደረሳችሁበት አገር

የትም ብትሆኑ ሲም በራሳችሁ ፓስፖርት ወይም መኖሪያ ፈቃድ፣ በስማችሁ አውጡ። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ያ ሰው የተጣላችሁ ቀን ይዘጋል።

ጅቡቲ። ያለው ጅቡቲ ቴሌኮም ነው፤ የምትመርጡት ነገር የለም። ዳታ ያለው ጥቅል ግዙና በዋትሳፕ ደውሉ። በቀጥታ ወደ ድሬ መደወል «ቅርብ ነው» ብላችሁ አትሳቱ። ቅርብ ቢሆንም የውጭ ጥሪ ነው።

ኤምሬትስ። ብዙ ሰው የሚሸነፍበት አገር ነው። ዋትሳፕ ላይ ጽሑፍ፣ ፎቶና ቮይስ ይሄዳል፤ ጥሪው ግን አይሠራም። ስልካችሁ ተበላሽቶ አይደለም፣ የአገሩ ሕግ ነው። የተፈቀዱ መተግበሪያዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ቦቲም ነው። የሚሠራው ሁለታችሁም ጋ ሲኖር ነው፣ ለዚህ ነው ደረጃ 4 ላይ ቤት ጫኑ ያልኩት። ለሞባይል ዳታ የኢንተርኔት ጥሪ ጥቅል ግዙ ከተባላችሁ ዋጋውን ከቮይስ ጋር አመዛዝኑ። ዙምም ተፈቅዷል፤ ነፃው 40 ደቂቃ ይሰጣል፣ ለሳምንታዊ የቤተሰብ ወሬ ይበቃል።

የተዘጋን ነገር ለማለፍ ቪፒኤን የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ ብሎ ጓደኛ ይመክራችኋል። ኤምሬትስ ውስጥ ቪፒኤንን ለተከለከለ ነገር የተጠቀመ ሰው በሕግ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ሊቀጣ ይችላል። ሌላው ሰው ሁሉ ይጠቀማል ቢባልም፣ ለአንድ ስልክ ጥሪ አያዋጣም። ነፃ ቪፒኤን ደግሞ የባንክ መተግበሪያ ያለበት ቀፎ ላይ መጫን ሌላ ጣጣ ነው።

ሳዑዲ። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት የኢንተርኔት ጥሪ እገዳውን አንስቷል። ያም ሆኖ ሁሉም መተግበሪያ እኩል ላይሠራ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ዋትሳፕን፣ ኢሞንና ቴሌግራምን አንድ አንድ ደቂቃ ሞክሩ። የተሻለውን ለቤት ንገሩና በእሱ ጽኑ። ሲም ሲወጣ የጣት አሻራ ይጠየቃል፤ በአካል ሂዱ።

ሊባኖስ። ጥሪው ይሠራል። መብራቱ ነው የሚጠፋው፤ ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩም ይሄዳል። ፓወር ባንክ ግዙ። የካርድ ቁጥር የአገልግሎት ቀን አለው፤ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቃችሁ ካላንደር ላይ ጻፉ።

ስካይፕ ተጠቀሙ የሚል የድሮ ምክር ካጋጠማችሁ እለፉት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተዘግቷል።

ደረጃ 8፦ ትንሿን ቀፎ ብቻ የያዙ አባት

ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ መደበኛ ጥሪ ከየትም ውድ ነው። በመተግበሪያ ገዝቶ መደወልም ያን ያህል አያረክሰውም። ስለዚህ አባታችሁን ወደ ስማርት ስልክ ከማምጣት ስማርት ስልኩን ወደ አባታችሁ አምጡት። የጎረቤት ልጅ ወይም የሱቁ ልጅ ቅዳሜ ማለዳ ቀፎውን ይዞ ይግባ። ለልጁም በወሩ ጥቅል ግዙለት፤ በባዶ አደራ ብዙ አይዘልቅም።

ለክፉ ቀን ግን መደበኛ ጥሪ የሚሆን ሂሳብ ሁልጊዜ ስልካችሁ ላይ ይኑር። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ሲሆን መተግበሪያ አይረዳም። መደበኛ ጥሪና ኤስኤምኤስ ይቀራል። ያኔ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ወረቀት ይወጣል።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ግራጫ ምልክት ብቻ። መልእክቱ ከእናንተ ወጥቷል፣ እነሱ ጋ አልደረሰም። ዳታቸው ጠፍቷል ወይም ቀፎው ተዘግቷል። ደጋግማችሁ አትላኩ። ሚስኮል አድርጉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ።

ስትደውሉ «ኮሊንግ» ብሎ ቀረ። ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ስልካቸው ኢንተርኔት ላይ የለም። «ሪንጊንግ» ካለ ግን ደርሷል፣ ያላነሱት እነሱ ናቸው።

ይነሳል፣ ድምፅ የለም። መጀመሪያ እነሱ ጋ የማይክሮፎን ፈቃዱ መሰጠቱን አስፈትሹ። በሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ከሆነባችሁ ግን ያላችሁበት አገር ጥሪውን ዘግቶታል። መተግበሪያ ቀይሩ።

ድምፁ ይቆራረጣል። ቪዲዮውን አጥፉ። ካልሻለ ዝጉና ከቤት ወደ ግቢ ይውጡ። አሁንም ካልሆነ በቮይስ ተነጋገሩ፤ ኔትወርክ ጋር አትሟገቱ።

ጥቅሉ በሦስት ቀን አለቀ። ስልኩ «ሴቲንግ» ውስጥ የዳታ አጠቃቀም ገጽ አለ። የትኛው መተግበሪያ እንደበላው በስሙ ይጽፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ዋትሳፕ አይደለም። ቲክቶክ ነው፣ ልጆቹ ናቸው። ከልጆቹ ጋር መነጋገር የእናንተ ፋንታ ነው።

ኮዱ አልመጣም። ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ በተጫናችሁ ቁጥር መጠበቂያው ይረዝማል። ሰዓቱ እስኪቆጥር ጠብቁ፣ ከዚያ «ኮል ሚ» የሚለውን ምረጡ። ሲሙ ድሬ ከሆነ መጀመሪያ ያዡን አግኙ፣ ቀፎውን በእጁ ይያዝ፣ ከዚያ ብቻ ኮድ ጠይቁ።

ከማታውቁት የውጭ ቁጥር ሚስኮል መጣ። ቤት ላሉትም ንገሩ፤ መልሳችሁ አትደውሉ። ሂሳብ ለመብላት የሚደረግ ነው። እናንተ ከሆናችሁ በተስማማችሁበት መንገድ ታደርጋላችሁ።

ስትመለሱ

የውጭውን ሲም ከመጣላችሁ በፊት ዋትሳፕና ቴሌግራምን በ«ቼንጅ ነምበር» ወደ ኢትዮጵያ ቁጥራችሁ መልሱ። የውጭው ባንክ ወይም አሠሪ በዚያ ቁጥር የሚልክላችሁ ነገር ካለ አስቀድማችሁ ጨርሱ። በራሱ የሚታደስ ጥቅል ከነበራችሁ እዚያው እያላችሁ ሰርዙት። ድሬ ስትገቡ ሲሙን ከያዘላችሁ ሰው ተቀበሉ፣ ያወጣውን የካርድ ብር ክፈሉት፣ ቴሌ ከሆነ በ*804# ቀሪ ሂሳቡን እዩ።